የተያዘ ሽጉጥ፣ የተገደለ ሰው፦ የመሣሪያ ወንጀል ቁጥር ምን ይናገራል?

የፖሊስ የዘጠኝ ወር ሪፖርት በወጣ ቁጥር ጅማ ውስጥ አንድ ዓይነት ክርክር ይነሳል። ፈረንጅ አራዳ ቡና ላይ ስሙት፣ መርካቶ ሱቅ በር ላይ ስሙት፣ መልኩ ያው ነው። ሪፖርቱ ይህን ያህል ክላሽ፣ ይህን ያህል ሽጉጥ፣ ይህን ያህል ፍሬ ጥይት በቁጥጥር ስር ዋለ ይላል። አንዱ "አያችሁ፣ አገሩ መሣሪያ በመሣሪያ ሆኗል፤ ሕጉ ካልጠበቀ አለቀልን" ይላል። ሌላው ያንኑ ቁጥር ይዞ "ቁጥጥሩማ እየሠራ ነው፤ ይኸው እየተያዘ አይደል?" ብሎ ይመልሳል። ሦስተኛው ደግሞ "ፈቃድ ያለው ይፍታ፣ ሌባው እንደታጠቀ ይቅር ነው የምትሉት?" ብሎ ሁለቱንም ይቆጣል።

ሦስቱም የያዙት አንድ ቁጥር ነው። ሦስቱም ያ ቁጥር ያላለውን እያስባሉት ነው።

እኔ የምለው አጭር ነው። "የመሣሪያ ወንጀል" ተብሎ የሚታተም ቁጥር በመጀመሪያ የሚለካው የመዝጋቢውን ሥራ ነው። አንድ ተቋም ምን አየ፣ ምኑን መዘገበ፣ በየትኛው ርዕስ ስር አስቀመጠው፣ በመጨረሻም በስንት ሕዝብ አካፈለው? በአገሩ ውስጥ ስንት መሣሪያ እንዳለና ስንት ሰው እንደተጎዳ የምናውቀው እነዚህን አራት ጥያቄዎች ከመለስን በኋላ ነው። ቁጥጥሩ ይጥበቅ ወይስ ይላላ የሚለው ክርክር ደግሞ ከዚያም በኋላ ይመጣል። (በዚህ ጽሑፍ የውጭ አገር ዓመታት እንደ ፈረንጆች፣ የእኛዎቹ እንደ እኛ አቆጣጠር ናቸው።)

ከተያዘው መሣሪያ ልጀምር፤ እኛ ጋ በብዛት የሚነገረው እሱ ነው።

የተያዘ መሣሪያ ብዛት በሁለት ነገሮች ላይ የቆመ ነው። አንደኛው በመንገዱ የሚያልፈው መሣሪያ ነው። ሁለተኛው የፍተሻው ጥብቅነት ነው። ከአዲስ አበባ ጅማ በሚመጣው መንገድ ላይ አንድ ኬላ ቢጨመር፣ ወይም ፈታሾቹ ሻንጣ ከመክፈት አልፈው የመኪናውን ወለል ማንኳኳት ቢጀምሩ፣ የሚያልፈው ሳይጨምር የሚያዘው ይጨምራል። የተገላቢጦሹም አለ። ፖሊሱ በሌላ ሥራ ተወጥሮ ኬላው ከሳሳ፣ ዝውውሩ እየበዛ ሪፖርቱ "ቀንሷል" ሊል ይችላል።

በምሳሌ እንየው። አምና 1,000 መኪና ተፈትሾ 5 ሽጉጥ ተገኘ እንበል። ዘንድሮ 10,000 መኪና ተፈትሾ 10 ሽጉጥ ተገኘ። ዜናው "የተያዘው ሽጉጥ በእጥፍ ጨመረ" ይላል። ከተፈተሸው መኪና አንጻር ሲታይ ግን መሣሪያ የጫነው ወደ አንድ አምስተኛ ወርዷል። ስንት መኪና እንደተፈተሸ ካልተነገረን ስለ ዝውውሩ ምንም አልተነገረንም ማለት ነው።

ይህ የእኛ ችግር ብቻ አይደለም። የተባበሩት መንግሥታት የአደንዛዥ ዕፅና የወንጀል መከላከል ጽሕፈት ቤት በ2020 ባወጣው የመሣሪያ ዝውውር ጥናት፣ በ2016ም ሆነ በ2017 በዓለም ዙሪያ በየዓመቱ 550 ሺህ ገደማ መሣሪያ መያዙን ዘግቧል። ያንኑ ቁጥር ሲያትም ግን የተያዘ መሣሪያ የዝውውሩን ልክ በቀጥታ እንደማያሳይ አስጠንቅቋል። ብዙ የሚይዝ አገር ብዙ ዝውውር ያለበት ሊሆን ይችላል። ጎበዝ ፖሊስ ያለው አገርም ሊሆን ይችላል።

በተያዘው ውስጥ ያለው ዓይነትም ተደባልቆ ነው የሚመጣው። ፈቃዱ ያለፈበት ጥበቃ የያዘው አሮጌ ምንሽር፣ ጆንያ ስር ተደብቆ የመጣ ሽጉጥ፣ ከዝርፊያ በኋላ ከወንጀለኛ እጅ የተወሰደ ክላሽ፣ ሁሉም በአንድ ድምር ውስጥ ይገባሉ። የመጀመሪያው የወረቀት ጉድለት ነው። ሁለተኛው ኮንትሮባንድ ነው። ሦስተኛው ሰው ላይ የተፈጸመ ወንጀል ነው። ጥይት ሲታከልበት ደግሞ ቁጥሩ ያብጣል። ጥይት በፍሬ ስለሚቆጠር ጥቂት ካርቶን በሺዎች ተብሎ ይነበባል፤ ለአርዕስት ያምራል።

በዜናችን ስማቸው የማይጠፋውን የቱርክ ሥሪት ሽጉጦችም አስቡ። ከእነዚህ መካከል መጀመሪያ ለድምፅ ብቻ የተሠሩ፣ በኋላ በብረት ሠራተኛ እጅ እውነተኛ ጥይት እንዲተኩሱ የተለወጡ አሉ። ያልተለወጠው መሣሪያ ነው ወይስ አይደለም? የሚቆጥረው ሰው አንዱን መምረጥ አለበት። ምርጫው ድምሩን ይለውጣል።

ቁጥር እንዴት እንደሚያጣላ ለማየት ከእንግሊዝ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። ትንሽ ልቆይበት።

በማርች 1996 ስኮትላንድ ውስጥ ደንብሌን በምትባል ከተማ አንድ ታጣቂ ትምህርት ቤት ገብቶ 16 ሕፃናትንና አንዲት መምህርት ገደለ። ሽጉጦቹን የያዘው በፈቃድ ነበር። አገሩ ተናወጠ። በ1997 በወጡ ሁለት ሕጎች ሽጉጥ በግል መያዝ ከሞላ ጎደል ታገደ። ሰዎች 162 ሺህ ገደማ ሽጉጥ ለመንግሥት አስረከቡ። ከዚያስ? ፖሊስ በእንግሊዝና ዌልስ የመዘገበው የሽጉጥ ወንጀል በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከእጥፍ በላይ ሆነ። የመሣሪያ ቁጥጥር ተቃዋሚዎች እስከ ዛሬ ይህን ይጠቅሳሉ፦ "አገዱ፣ ወንጀሉ ባሰ።"

ቁጥሩ ውሸት አይደለም። ውስጡ ግን ሌላ ነው። በ2003/04 የበጀት ዓመት የተመዘገበው የመሣሪያ ወንጀል ከ24 ሺህ በላይ ነበር። ከዚህ ውስጥ ከግማሽ በላዩ በአየር ግፊት በሚተኩስ ጠመንጃ የተፈጸመ ነው። ልጆች ወፍ የሚያሳድዱበትን ዓይነት አስቡ። አብዛኛው የዚህ ጠመንጃ ወንጀል ደግሞ መስኮት መስበርና ንብረት ማበላሸት ነበር። እነዚህ ሲቀነሱ የቀረው 10 ሺህ ገደማ ነው። በዚያ ዓመት ተተኩሶባቸው የሞቱት ግን መቶ አይሞሉም።

በቀረው 10 ሺህ ውስጥም ብዙ ነገር አለ። እዚያ "መሣሪያ ጥቅም ላይ ዋለ" የሚባለው ሲተኮስ ብቻ አይደለም። በሰደፉ ሰው ቢመታበትም፣ ለማስፈራሪያ ቢወጣም ይቆጠራል። የአሻንጉሊት ሽጉጥ ይዞ ሱቅ የዘረፈም ይገባል። ዝርፊያው ካለቀ በኋላ መሣሪያው ካልተገኘ፣ ሽጉጥ ነበር ወይስ አልነበረም የሚወሰነው በተዘረፈው ሰው ቃል ነው። ያ ሰው ደግሞ አፈሙዝ ተደቅኖበት ሥሪቱን ሲመረምር አልነበረም፤ ማን ይፈርድበታል?

በዚህ ላይ የምዝገባው ደንብ ራሱ ተለወጠ። በ1998 የአቆጣጠር ሕጉ ሰፋ። በ2002 ሌላ መመሪያ መጣና ፖሊስ ማስረጃ እስኪያገኝ ሳይጠብቅ የተበዳዩን አቤቱታ እንዲመዘግብ ታዘዘ። በሁለቱም ጊዜ የተመዘገበው ወንጀል ከፍ አለ። ከፍ ያለው ከፊሉ መንገድ ላይ ሳይሆን መዝገብ ላይ ነው። ከፊሉ ግን እውነተኛ ነበር። ለንደንና ማንቸስተርን በመሰሉ ከተሞች የወሮበላ ቡድኖች መታኮስ በዚያ ወቅት ተባብሶ ነበር። በጥይት የሚገደሉት በ2001/02 አካባቢ ጣሪያ ነክተው በኋላ ቀነሱ።

እንግዲህ እገዳው ወንጀል አባባሰ? ያንን የሚል ማስረጃ እዚህ ውስጥ የለም። ወንጀል ቀነሰስ? በዚህ ቁጥር ያንንም ማለት አይቻልም። ሕጉ የወሰደው ፈቃድ የነበራቸውን የዒላማ ስፖርተኞች ሽጉጥ ነው። የወሮበላው ሽጉጥ ድሮም ፈቃድ አልነበረውም። እገዳው የታሰበው እንደ ደንብሌን ያለ እልቂት እንዳይደገም ነው፤ የመንገድ ዝርፊያ ቁጥር ያንን ሊመዝን አይችልም። ሁለቱም ወገን ለዓመታት የተጨቃጨቁት ለጥያቄያቸው ባልሆነ ሰንጠረዥ ላይ ነው።

የእንግሊዝ ነገር በዚህ አላበቃም። በ2014 መጀመሪያ የአገሪቱ የስታቲስቲክስ ባለሥልጣን የፖሊስ የወንጀል መዝገብን ከታማኝ ብሔራዊ ስታቲስቲክስ ዝርዝር አወጣው። በዚያው ዓመት የፖሊስ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ባደረገው ፍተሻ ለፖሊስ ከተነገረው ወንጀል 19 በመቶው ሳይመዘገብ መቅረቱን አገኘ። ወንጀል ቀንስ ተብሎ ግብ የተሰጠው ተቋም ወንጀሉን የሚቆጥረውም ራሱ ሲሆን ምን እንደሚከተል ማየት ከባድ አይደለም። እኛ ጋ "ከአምናው ተመሳሳይ ወቅት ጋር ሲነጻጸር በዚህን ያህል በመቶ ቀንሷል" የሚል ሪፖርት ስናነብ ይህንን ማስታወስ ነው። ማንንም ለመክሰስ አይደለም። ግቡን ያወጣው፣ ሥራውን የሠራውና ውጤቱን የመዘገበው አንድ አካል ሲሆን፣ ከውጭ የሚያጣራ ሌላ ዓይን ያስፈልጋል።

ወደ አገራችን እንመለስ። እዚህ መዝገብ የሚከፈተው በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ ነው። ሰው ከተገደለ ከባድ ግድያ አንቀጽ 539፣ ተራ ግድያ አንቀጽ 540፣ በቸልተኝነት ከሆነ አንቀጽ 543 ይጠቀሳል። አንቀጾቹ የሚለዩት በገዳዩ ሐሳብና በድርጊቱ ክብደት ነው። በቆንጨራ ይሁን በክላሽ፣ አንቀጹ ላይ አይታይም። ስለዚህ በአንቀጽ የተደመረ የግድያ ሪፖርት ስለ መሣሪያ የሚለው ነገር የለም። የሚል እንዲሆን ከአንቀጹ ጎን "በምን ተገደለ" የሚል ዓምድ ያስፈልጋል፤ መርማሪው መዝገቡ ውስጥ በዝርዝር የጻፈው ነገር ወደ ድምሩ መውጣት አለበት። በሌላ በኩል ሕገወጥ የመሣሪያ ዝውውር የራሱ አንቀጽ አለው። ስለዚህ ዝውውሩ በቀላሉ ይደመራል፣ ግድያው ግን በመሣሪያ ተለይቶ አይወጣም። አደባባይ ላይ የተያዘው መሣሪያ የሚያወራው፣ የተገደለው ዝም የሚለው አንድም በዚህ ይመስለኛል።

ወደ ፖሊስ ጨርሶ የማይደርሰውስ? ጅማ ዙሪያ የሚኖር ሰው ይህን ሊነግሩት አይገባም። በሰርግ ላይ ወደ ሰማይ የተተኮሰ ጥይት ጎረቤት ቢያቆስል ነገሩ በሽማግሌ ያልቃል። ደም የፈሰሰ እንደሆነም ጉማ አለ። ሽማግሌዎች ተቀምጠው ሁለቱን ወገን ያስታርቃሉ፣ ካሳ ይከፈላል። ለሰላም ትልቅ ነገር ነው፤ አላጣጥለውም። ግድያ ከሆነ የመንግሥት ክስ እንደሚቀጥል የታወቀ ነው። ቁስለትና ዛቻ ላይ ግን ታርቀናል ብለው ፖሊስ ጋ ሳይሄዱ የሚቀሩ ብዙ ናቸው። አንድ ወረዳ ጠንካራ ሽማግሌ ስላለው መዝገቡ ሊቀንስ ይችላል። ሌላው ደግሞ ሕዝቡ ፖሊሱን ማመን ስለጀመረ መዝገቡ ሊበዛ ይችላል። ሁለተኛው ወረዳ በሪፖርቱ ላይ የባሰ መስሎ ይታያል።

የሌሎች አገሮች መፍትሔ ከፖሊስ ውጭ ያለ ቆጠራ ነው። እንግሊዝ ከ1982 ጀምሮ ቤት ለቤት እየዞረች "ባለፈው ዓመት ምን ደረሰብህ? ለፖሊስ ተናግረሃል?" ብላ ትጠይቃለች። ሌላው መንገድ ሆስፒታል ነው። ጥይት የመታው ሰው ለፖሊስ ባይናገርም ሐኪም ጋ መድረሱ አይቀርም።

እዚህ ላይ ጅማ ጥሩ ዕድል አላት፤ ወጥመድም አለባት። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ለደቡብ ምዕራቡ ክፍል የመጨረሻ ሪፈራል ነው። አገልግሎቱ ለ15 ሚሊዮን ገደማ ሕዝብ እንደሆነ ይነገራል። ከአጋሮና ከሊሙ ብቻ ሳይሆን ከኢሉባቦር፣ ከበደሌ፣ ከቦንጋ፣ ከሚዛንም ቁስለኛ ይመጣል። ድንገተኛ ክፍሉ በጥይት የተመታ ሰው ሲበዛበት "ጅማ ከተማ ውስጥ ተኩስ በዛ" ብሎ መደምደም ትልቅ ስህተት ነው። ሰውዬው የተመታው ሁለት መቶ ኪሎ ሜትር ርቆ ሊሆን ይችላል። እንዲያውም መንገዱ ስለተሻለ ወይም አምቡላንስ ስለተገኘ፣ ድሮ መንገድ ላይ ይሞት የነበረው ዛሬ ሆስፒታል ስለደረሰ፣ ቁጥሩ ሊጨምር ይችላል። በሆስፒታሉ መዝገብ ላይ "ክፉ ዜና" የመሰለው ነገር በእውነቱ የተረፈ ሰው ነው። ሆስፒታል ሳይደርስ የሞተው ደግሞ እዚያ መዝገብ ላይ ጭራሽ የለም።

ለዚህም ቢሆን በአቅራቢያችን መላ የተገኘበት ቦታ አለ። ዩኒቨርሲቲው ከ2005 በፈረንጆች ጀምሮ በጊልጌል ጊቤ ግድብ ዙሪያ ባሉ ቀበሌዎች ቤት ለቤት የልደትና የሞት ክትትል ያደርጋል። ሰው ቤቱ ሲሞት ሠራተኞች ሄደው ቤተሰቡን ስለ አሟሟቱ ይጠይቃሉ፤ ሐኪም መልሱን አይቶ ምክንያቱን ይለያል። በዚህ ዓይነት ሥራ ፖሊስ ያልሰማው፣ ሐኪም ያላየው ሞትም ይመዘገባል። ቦታው ትንሽ ስለሆነ ለመሣሪያ ጥናት ብቻውን አይበቃም። መንገዱ ግን ትክክለኛ ነው።

አሁን ወደ ማካፈሉ። ወንጀል ከቦታ ቦታ የሚወዳደረው "ከ100 ሺህ ሰው ስንት" ተብሎ ነው። የእኛ የመጨረሻ የሕዝብ ቆጠራ የ1999ኙ ነው። አራተኛው በተደጋጋሚ ተራዝሟል። በ1999 ጅማ ከተማ የተቆጠረው ሕዝብ 120,960 ነበር። ከተማዋ ከዚያ ወዲህ ምን ያህል እንደተለጠጠች በዓይን ይታያል። ለምሳሌ ያህል በዓመት 12 ሰው በጥይት ተገደለ እንበል። በ1999ኙ ሕዝብ ብናካፍል ከ100 ሺህ 10 ገደማ ይሆናል። ሕዝቡ ዛሬ 240 ሺህ ነው ብለን ብናካፍል 5 ይሆናል። የመጀመሪያው ጅማን አስፈሪ ከተማ ያደርጋታል፣ ሁለተኛው ግማሽ ያህሉን። የሞተው ሰው ያው 12 ነው። የዩኒቨርሲቲ ተማሪው፣ ለቡና ለቀማ የሚመጣው የቀን ሠራተኛ፣ ለገበያ የሚገባው ነጋዴስ የት ይቆጠራል? ወንጀል ቢደርስባቸው ከላይ ይደመራሉ፤ ከታች ግን የሉም።

ቁጥሩ ትንሽ ሲሆን ደግሞ በመቶኛ መናገር ያሳስታል። ከ4 ወደ 6 "የ50 በመቶ ጭማሪ" ነው፤ ከ6 ወደ 4 "በሲሶ መቀነስ" ነው። ሁለት ሰው በአንድ የድግስ ጠብ ቢሞት ዓመቱ ይበላሻል። የአንድ ዓመትን ከአንድ ዓመት ጋር ከማጋጨት የአምስት ዓመት አማካይ ማየት ይሻላል። ሩብ ዓመትን ከሩብ ዓመት ማወዳደርም በቡና አገር አያስኬድም። ቡና በሚሰበሰብበትና ብር በሚንቀሳቀስበት ወቅት እና በክረምቱ መካከል ከተማዋ አንድ አይደለችም።

የሬሳ ቁጥር ከሁሉም የተሻለ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ሞት ከቁስለትና ከዛቻ ይልቅ ለመደበቅ ይከብዳል። እሱም ግን የራሱ ጉድ አለው። በእንግሊዝ ግድያ የሚቆጠረው ፖሊስ በመዘገበበት ዓመት ነው። ሃሮልድ ሺፕማን የተባለው ሐኪም በብዙ ዓመታት ውስጥ በመርፌ የገደላቸው 172 ሕሙማን በአንድ ጊዜ በ2002/03 ዓመት ተመዘገቡ። ግራፉን ብቻ ያየ ሰው ያ ዓመት አገሩ ያበደበት ይመስለዋል።

አሜሪካ ውስጥ ደግሞ ጥያቄው ከሞቱት የትኛውን ነው የምናወራው የሚል ነው። በ2021 በመሣሪያ የሞተው ሰው 48,830 ነበር። ከዚህ 26,328ቱ ራሳቸውን ያጠፉ ናቸው። ይህ 54 በመቶ ነው። የተገደሉት 20,958 ናቸው። አንዱ ተከራካሪ "48 ሺህ ሰው በመሣሪያ አለቀ" ሲል አድማጩ ዝርፊያና ግድያ ይታየዋል። ሌላው "ከግማሽ በላዩ ራሱን ያጠፋ ነው" ብሎ ያጣጥለዋል፤ ራሱን ያጠፋ ሰው እንዳልሞተ ሁሉ። የጅምላ ተኩስ ላይ ልዩነቱ ይከፋል። በዚያው ዓመት የአገሪቱ የምርመራ ቢሮ ኤፍቢአይ ሕዝብ በተሰበሰበበት ቦታ ሰው ለመግደል የተነሱ ታጣቂዎችን ብቻ ቆጥሮ 61 አለ። አራትና ከዚያ በላይ ሰው ከተመታ ሁሉንም የሚቆጥረው የግል መዝገብ ደግሞ ወደ 690 አደረሰው። ሁለቱም አልዋሹም። በዚያ ላይ ኤፍቢአይ በ2021 ወደ አዲስ የመረጃ ሥርዓት ሲዞር ከፖሊስ ተቋማቱ ወደ 40 በመቶ የሚጠጉት መረጃ አላስገቡም። የኒውዮርክና የሎስ አንጀለስ ፖሊስም ከእነዚህ ውስጥ ነበሩ። የዚያን ዓመት ብሔራዊ የወንጀል ቁጥር ከቀዳሚው ጋር የሚያወዳድር ሰው ምን ከምን ጋር እንደሚያወዳድር ይጠየቅ።

አገርን ከአገር በሚያወዳድሩ ሰንጠረዦች ላይ ብዙ አልቆይም። ስሞል አርምስ ሰርቬይ የተባለው የስዊዘርላንድ ተቋም በ2017 ግምቱ አሜሪካ ውስጥ ከ100 ሰው 120 መሣሪያ አለ ብሏል። የመን 53 ገደማ፣ ስዊዘርላንድ 28 ገደማ። ኢትዮጵያና ጃፓን ደግሞ ሁለቱም ከ100 ሰው ግማሽ መሣሪያ እንኳ አይሞላቸውም። እኛና ጃፓን ጎን ለጎን! ደዶ ወይም ሰቃ ላለ ገበሬ ይህን ብትነግሩት ይስቃል። ጃፓን እያንዳንዱን መዝግባ ነው። የእኛ የጎደለው ባልተቆጠረው ነው። ግምት እንደ ቆጠራ ሲነበብ እንዲህ ይሆናል። በዚያ ላይ በታጠቁ ኃይሎች ግጭት የሚሞት ሰው በብዙ ዓለም አቀፍ መዝገብ "ግድያ" በሚለው ስር አይገባም፤ የጦርነት ሞት ተብሎ ለብቻው ይቀመጣል። ግጭት ባለበት አገር የግድያ ቁጥር ዝቅ ብሎ ሊታይ የሚችለው አንዱ በዚህ ነው።

"ሕጉ ሠራ" ለማለትስ? በዚህ አውስትራሊያ ትጠቀሳለች። በአፕሪል 1996 ፖርት አርተር ላይ 35 ሰው ከተገደለ በኋላ መንግሥት 650 ሺህ ገደማ መሣሪያ ከሕዝብ ገዝቶ አወደመ። ከዚያ በኋላ በመሣሪያ የሚሞተው ሰው ቀነሰ። ደጋፊው "ይኸው" ይላል። ተቃዋሚው ግን ከ1996 በፊትም እየቀነሰ እንደነበር ያሳያል፤ እሱም እውነት ነው። ስለዚህ ትክክለኛው ጥያቄ የቀነሰበት ፍጥነት ከሕጉ በኋላ ጨመረ ወይ ነው። ብዙ ጥናቶች ጨምሯል ይላሉ፤ ሕጉ ምን ያህሉን አመጣው በሚለው ላይ ግን እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። ከሕጉ በፊት ያሉት ዓመታት ካልተቆጠሩ ግን ይህን ጥያቄ መጠየቅ ራሱ አይቻልም።

እኛም በ2012 የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 ወጥቶልናል። ፈቃድ የሚሰጥበትንና የሚነጠቅበትን መንገድ አስቀምጧል፤ ተቆጣጣሪውም ፌዴራል ፖሊስ ነው። አዋጁ ይጥበቅ ወይስ ይላላ ብለን ስንከራከር የሚያስፈልገን አንድ ቁጥር ነው። ሰው በተገደለበት፣ በቆሰለበት ወይም በተዘረፈበት መሣሪያ ውስጥ ስንቱ ፈቃድ ነበረው? መልሱ "አብዛኛው" ከሆነ ፈቃድ አሰጣጡ መጥበቅ አለበት፤ ያ ቡና ላይ የተቆጣው ሦስተኛ ሰውዬ ተሸነፈ። መልሱ "ጥቂቱ" ከሆነ ፈቃድ ያለውን ማስጨነቅ ትርፉ ትንሽ ነው፤ ጉልበቱ ድንበርና መንገድ ላይ ይዋል። "ፈቃድ ከነበረው ሰው የተሰረቀ ነው" ከሆነ ደግሞ ጉዳዩ የአያያዝና የማስቀመጫ ነው፤ ሕጉም የሚጠብቀው እዚያ ላይ ነው።

ይህን ለማወቅ አዲስ ቴክኖሎጂ አያስፈልግም። መሣሪያ ላይ የተቀረጸ ቁጥር አለ። ኢትዮጵያ በ2004 በፈረንጆች የፈረመችው የናይሮቢ ፕሮቶኮልም መሣሪያ ምልክት እንዲደረግበትና እንዲመዘገብ ያዛል። መርማሪው ከወንጀለኛ እጅ የወሰደውን ሽጉጥ ቁጥር ከፈቃድ መዝገቡ ጋር ሲያስተያይ አንድ መስመር ይጽፋል፦ አለ፣ የለም፣ ተፍቋል። የከተማው ሪፖርት ሲነበብ የተያዘው ክላሽና ጥይት ድምር ከሚወስደው ሰዓት ላይ ሁለት ደቂቃ ተቀንሶ ይህቺ መስመር ብትነበብ ይበቃል። ጋዜጠኛ የሆናችሁ፣ በሚቀጥለው መግለጫ እጃችሁን አውጥታችሁ ጠይቁ፦ ከተያዙት ውስጥ ወንጀል የተሠራባቸው ስንት ናቸው፣ ከእነሱስ ፈቃድ የነበራቸው ስንት?